ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያጋጥም ችግር ቸልተኝነት የሚኾነው መቼ ነው?

ለቀዶ ሕክምና ወደ ሆስፒታል የገባ ሰው ቤተሰብ ሥጋቱ ሁሉ ያለው በቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ ነው። ታካሚው በሕይወት ወጥቶ ወደ መኝታ ክፍል ሲዛወር "እሰይ፣ ተረፈ" ተብሎ ዘመድ ይበተናል። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ25 የአፍሪካ ሀገራት በሚገኙ 247 ሆስፒታሎች ከ11 ሺህ በላይ ታካሚዎችን የተከታተለና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አለ። በዚህ ጥናት ከአምስት ታካሚዎች አንዱ ገደማ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ችግር ገጥሞታል። ከሞቱት 239 ሰዎች መካከል ደግሞ የ225ቱ ሕይወት ያለፈው ቀዶ ሕክምናው ከተደረገበት ዕለት በኋላ ባሉት ቀናት ነው።

የደም መፍሰስ፣ የቁስል ማመርቀዝ፣ የተሰፋ አንጀት መልቀቅ ወይም የደም መርጋት ጥንቃቄ ባልተለየው ሐኪም እጅም ያጋጥማል። ስለዚህ ችግሩ መከሰቱ ብቻውን ባለሙያውን ጥፋተኛ አያሰኘውም። የቸልተኝነት ጥያቄ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ምልክቱን ያየ ሰው ነበር ወይ? ያየውስ ለተረኛው ሐኪም ነግሯል ወይ? የተነገረው ሐኪም በጊዜው ደርሷል ወይ?

በቀዶ ሕክምና የወለደች እናትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ደሙ የሚፈሰው ወደ ሆዷ ውስጥ ከኾነ ፋሻው ንጹሕ እንደኾነ ሊቆይ ይችላል። ሰውነት ደም ሲጎድለው የደም ሥሮችን አጥብቦ፣ ልብን አፍጥኖ ራሱን ለማቆየት ይታገላል። በዚህም ምክንያት ጤነኛ የነበረች ወጣት ሴት ከደሟ ሩብ ያህሉን አጥታ እንኳ የደም ግፊቷ ደኅና መስሎ ሊለካ ይችላል። አስቀድሞ የሚናገረው የልብ ምት ነው። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ሽንት ይቀንሳል። በሽንት መሰብሰቢያው ከረጢት ውስጥ በሰዓት ከግማሽ የቡና ሲኒ ያነሰ ሽንት ብቻ ከተጠራቀመ ሐኪም ሊጠራ ይገባል። የደም ግፊቱ እስኪወርድ የጠበቀ ባለሙያ ብዙ ሰዓት አባክኗል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ልኬቱ በየ15 ደቂቃው ሊወሰድ የሚገባውም ለዚህ ነው። አርሶ አደር በሬው ማመስኳት ሲያቆም ምክንያቱን ባያውቅም በዝምታ አያልፈውም፤ ከመኝታ ክፍል ተረኛም የሚጠበቀው ቢያንስ ይኸው ነው።

ይህ ሲባል ግን ጥፋቱን ሁሉ በአንዲት የሌሊት ተረኛ ነርስ ላይ መጫን ቀላሉ መንገድ ነው። ብዙ አልጋ የሞላበትን ክፍል ብቻዋን የምትጠብቅ ነርስ በየ15 ደቂቃው ሁሉንም ልትለካ አትችልም። ለችግር ተጋላጭ የኾኑ ታካሚዎች ይበልጥ እንዲጠበቁ ያደረገ ሌላ ሰፊ የአፍሪካ ጥናትም የሞት ቁጥሩን ሊቀንስ አልቻለም። እንደ እኔ አረዳድ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ምልክቱን ማየት ብቻውን አያድንም፤ ደም፣ ዳግም ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ ባለሙያና የሚንቀሳቀስ አምቡላንስ ከጀርባው ሊኖር ይገባል። በሀገራችን በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ብዙውን ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው። ከአቅማቸው በላይ የኾነን ችግር ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ለማስተላለፍ አምቡላንስ ካልተዘጋጀ ተጠያቂነቱ ወደ አስተዳደሩ ይሄዳል።

ሌላው አደገኛ ጊዜ ታካሚው ወደ ቀዬው ከተመለሰ በኋላ ያለው ነው። የቁስል ማመርቀዝ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከአራተኛው ቀን በኋላ ነው። በአርሶ አደሩ ዘንድ በሚያጋጥመው የአንጀት መጠምዘዝ ምክንያት አንጀቱ ተቆርጦ የተሰፋ ሰውም ስፌቱ ቢለቅ ምልክቱ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ሆድ ይነፋል፣ ይጠነክራል፣ ትኩሳትና ትውከት ይከተላል። የአንድ እግር ብቻ ማበጥና ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር የደም መርጋት ምልክት ሊኾን ይችላል። በቁስሉ ላይ ቅቤ ወይም ቅጠል ማድረግ ችግሩን ያባብሳል። "ቀጠሮው ሲደርስ እንሄዳለን" ማለትም አይገባም፤ ቀጠሮ የተሰጠው ደኅና ለኾነ ታካሚ ነው።

አስታማሚ ምልክቱን ያየበትን ሰዓት፣ የነገረውን ባለሙያና የተሰጠውን ምላሽ ቢጽፍ፣ ማንበብ ካልቻለም ቢያጽፍ፣ ለሕክምናውም ለፍትሑም ይጠቅማል። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2651 የሕክምና ተቋም በቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ለሚደርስ ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ እንደሚኾን ይደነግጋል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ደግሞ እንደ ሐኪም ያለ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ይጠብቀዋል። ቅሬታ በመጀመሪያ ለሆስፒታሉ አስተዳደር፣ ቀጥሎም ለክልሉ የጤና ተቆጣጣሪ አካል በጽሑፍ ይቀርባል። የሙያ ስሕተት ስለመፈጸሙ የሚመረምረው የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው፤ ፍርድ ቤቶችም የባለሙያ አስተያየት ይጠይቃሉ።

የኮሚቴው ውሳኔ እስኪመጣ ሲጠብቁ ጊዜው የሚያልፍባቸው እንዳይኖሩ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ከውል ውጭ በሚደርስ ጉዳት የሚቀርብ የካሳ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል።