ሳናዳምጥ የሚሰማው ማን ነው?

የሠርግ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችኋል። ሙዚቃው ከፍ ብሏል፤ ልጆች በወንበሮች መሐል ይሯሯጣሉ፤ ግራ ቀኙ ወሬ ነው፤ ከጓዳ የሳህን ኳኳታ ይሰማል። እናንተ የያዛችሁት ከጎናችሁ የተቀመጠውን ዘመድ ነው፤ ስለ ቤት ኪራይ ያወጋችኋል። ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ምን እንደሚያወራ ብትጠየቁ አንዲት ቃል አትመልሱም። ድንገት ከዚያ ጠረጴዛ ስማችሁ ይነሳል። ሳታስቡት አንገታችሁ ዞሯል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ደግ ነው። አንድ ቃል የእናንተ ስም መሆኑ የሚታወቀው ከተሰማ በኋላ ነው። ሳይሰማ ሊለይ አይችልም። እንግዲያው ከስማችሁ በፊት የነበሩት ቃላትም፣ አልሰማናቸውም ያላችኋቸው፣ ወደ ውስጥ እየገቡ ሲፈተሹ ቆይተዋል። እናንተ ስለ ቤት ኪራይ እያዳመጣችሁ ሳለ የኋላውን ጠረጴዛ ሲከታተል የነበረው ማን ነው?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ ስለሚሰማ። ለሐሜት እውነት ነው። በአሠራሩ ግን ጆሮ ለባለቤቱ ሌት ተቀን የሚያገለግል አካል ነው፤ የሚሠራውን አብዛኛውን ሥራ ለባለቤቱ አይነግረውም እንጂ።

መጀመሪያ መሣሪያውን እንየው። ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ንዝረቱ የጆሮ ታምቡርን ይመታል፤ ታምቡሩ ከበስተኋላው ያሉትን ሦስት ደቃቅ አጥንቶች ያንቀሳቅሳል፤ እነሱ ደግሞ ፈሳሽ የሞላበትን ጥምዝምዝ የውስጥ ጆሮ ይገፋሉ። እዚያ ውስጥ በእያንዳንዱ ጆሮ 3,500 ገደማ የሚሆኑ ጠጉር ያበቀሉ ሴሎች በመስመር ተደርድረዋል። ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጡት እነሱ ናቸው፤ ምልክቱ 30,000 በሚሆኑ የነርቭ ክሮች ወደ አንጎል ይሄዳል። ዓይን ቆብ አለው፤ ይከደናል። ጆሮ የሚከደንበት የለውም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ወደ ታምቡሩ የሚደርሰው ድምፅ ለየብቻ ተቋጥሮ አይመጣም። ሙዚቃው፣ ዘመዳችሁ፣ ልጆቹ፣ ሳህኑ፣ ሁሉም ተደባልቀው አንዲቷን ቀጭን ታምቡር ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያርገበግቧታል። ከዚህ ቅልቅል ውስጥ ይህ የዘመዴ ድምፅ ነው፣ ያ የሙዚቃው ነው ብሎ የሚለየው አንጎል ነው። የአንጎል ግንድ የሁለቱን ጆሮዎች ምልክት ያነጻጽራል። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮን ቀድሞ ይመታል፤ ልዩነቱ ቢበዛ ከአንድ ሰከንድ አንድ ሺኛ አይሞላም፤ ሆኖም ድምፁ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ይበቃል። ከዚያ ደግሞ አንድ ላይ የጀመሩትን፣ ቅጥነትና ውፍረታቸው የተቀራረበውን እየሰበሰበ አንድ ተናጋሪ ያደርጋቸዋል። የካናዳው የሥነ ልቦና ሊቅ አልበርት ብሬግማን በ1990 ስለዚህ ማለያየት ራሱን የቻለ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገና በ1867 ጀርመናዊው ሄርማን ሄልምሆልትዝ ማየትና መስማት ሳናውቀው የሚደረግ ድምዳሜ እንደሆነ ጽፎ ነበር። ሰዎች በጊዜው አልወደዱለትም፤ ሳያውቁት መደምደም እንዴት ይቻላል ብለው። እኔ ግን ስለ አእምሮ ከተጻፉት ሁሉ ይህን ያህል ሩቅ ያየ ሐሳብ ጥቂት ነው እላለሁ።

የድንኳኑን ነገር ወደ ላቦራቶሪ ያስገባው እንግሊዛዊው ኮሊን ቼሪ ነው፣ በ1953። ለሰዎች የጆሮ ማዳመጫ አደረገላቸውና በአንዱ ጆሮ አንድ ንግግር፣ በሌላው ሌላ ንግግር አሰማቸው። አንደኛውን እየተከተላችሁ ጮክ ብላችሁ ድገሙ አላቸው። በኋላ ስለ ሌላው ሲጠይቃቸው የሰው ድምፅ እንደነበር ያውቃሉ፤ ከወንድ ወደ ሴት ሲቀየርም ያውቃሉ። ምን እንደተባለ ግን ምንም። ንግግሩ በመሐል ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ ሲለወጥ እንኳ ልብ አላሉም።

ከዚህ ተነስቶ ዶናልድ ብሮድቤንት በ1958 አንጎል በር ላይ ማጣሪያ አለው፣ ያልተመረጠው ድምፅ ትርጉሙ ሳይታይ እዚያው ይቀራል አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ የድንኳኑን ስም ግን አይፈታም። በ1959 ኔቪል ሞሬይ በኦክስፎርድ ነገሩን ፈተነው። በማይደመጠው ጆሮ ተራ ቃላትን 35 ጊዜ ቢደጋግም ማንም አላስታወሳቸውም። የሰውየውን ስም ሲጨምርበት ግን ከሦስት አንዱ ያህል ሰማ። በርግጥ ሁሉም አልሰማም፤ ይህም ይታወስልኝ፤ «ስማችን ሁልጊዜ ይሰማናል» የሚለው የተለመደ ወሬ የተጋነነ ነው።

አን ትሪስማን ማጣሪያውን አስተካከለችው። ያልተመረጠው ድምፅ አይዘጋም፤ ልክ የሬዲዮ ድምፅ እንደሚቀነሰው ይቀነሳል እንጂ አለች። ለአብዛኛው ቃል ያ ዝቅ ያለ ድምፅ አይበቃም። የገዛ ስም፣ የልጅ ስም፣ «እሳት!» የሚል ጩኸት ግን ሹክሹክታ ቢሆን እንኳ አንጎል ውስጥ የሚቀሰቅሰው ነገር ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል።

ብዙ ጊዜ ያሰብኩበት ሌላ ውጤት አለ። በ2001 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሞሬይን ፈተና ሲደግሙ ሰዎቹን በሁለት ከፈሉ። ብዙ ነገር በአንዴ በአእምሯቸው መያዝ ከሚችሉት ውስጥ ስማቸውን የሰሙት 20 በመቶው ብቻ ናቸው። በዚህ ደከም ካሉት ግን 65 በመቶው ሰሙ። ጎበዙ ያልሰማው ሥራው ላይ ስለነበረ ነው። ስሙን ስትጠሩት ቶሎ ያልመለሰላችሁን ልጅ «ልቡ የለም» ከማለታችሁ በፊት ልቡ የት እንዳለ እዩለት።

ይህ ክትትል በእንቅልፍም አይቆምም። በ1960 በብሪታንያ ለተኙ ሰዎች ብዙ ስሞች በቴፕ ተሰሙ፤ የሰዎቹ አካልና አንጎል ከሌላው ስም ይልቅ ለገዛ ስማቸው አጥብቆ ምላሽ ሰጠ። በ1999 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ለክተው፣ የተኛ ሰው አንጎል የራሱን ስም ከሌሎች ስሞች እንደሚለይ አሳዩ። ሰውየው አልነቃም፤ ጠዋት ቢጠየቅም አያውቅም። መኪና እያለፈ ሳትነቃ ሕፃኗ ሲቁነጠነጥ የምትነቃ እናት ሁሉ ይህን በቤቷ ታውቀዋለች።

ዓይንም እንዲሁ ነው። ሁለት የአንጎል ምት ለማየት የሚያገለግለውን የአንጎሉን ቅርፊት በግራም በቀኝም ያጠፋበት አንድ ሐኪም ነበር፤ ምንም አላይም ይላል፣ እውነቱን ነው። በ2008 የታተመው የቤያትሪስ ደ ጌልደር ቡድን ጥናት እንደሚለው፣ ሣጥንና ወንበር በተበተነበት ኮሪደር ውስጥ ያለ ዘንግ እንዲሄድ ሲጠየቅ አንዱንም ሳይነካ አለፈ። እንዴት እንዳለፈ አላወቀም። ከዓይን የሚወጣው ነርቭ ወደ ተጎዳው ቅርፊት ብቻ አይሄድም፤ ወደ መካከለኛው አንጎል የሚወርድ ሌላ ጥንታዊ መንገድ አለው፤ እግሩን የመራው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ የነገሩ ዋና እዚህ ላይ ነው። አእምሯችን ከሚሠራው እጅግ የሚበዛው እኛ ሳናውቀው ይሠራል፤ ወደ ንቃተ ህሊና የሚደርሰው ውጤቱ ነው እንጂ አሠራሩ አይደለም። ስማችሁ ሲሰማችሁ የማጣራቱን ድካም አላያችሁም። ስለዚህ ለምን እንዲህ አደረግህ ስንባል የምንሰጠው ምክንያት ብዙ ጊዜ ምስክርነት ሳይሆን ግምት ነው። በ1977 ሪቻርድ ኒስቤትና ቲሞቲ ዊልሰን በአንድ መደብር አራት ፍጹም ተመሳሳይ የሴት ስቶኪንጎችን ደርድረው የቱ ይሻላል ብለው ሰዎችን ጠየቁ። በስተቀኝ ዳር ያለው በግራ ዳር ካለው አራት እጥፍ ያህል ተመረጠ። ምክንያቱን ሲጠየቁ ስለ ሽመናውና ስለ ልስላሴው ተናገሩ። ቦታውን ያነሳ አልነበረም። አልዋሹም፤ የማያውቁትን ክፍተት በሚመስል ነገር ሞሉት።

ከዚህ ተነስተው ብዙዎች ወደ ሌላ ጽንፍ ይሄዳሉ። «ድብቅ አእምሮህን እዘዘው፣ ሀብት ያመጣልሃል» የሚሉ አነቃቂዎች አሉ። ከላይ የተነገረው ጥናት ይህን አይደግፍም። በ1957 ጄምስ ቪካሪ የሚባል አሜሪካዊ የገበያ ባለሙያ በፊልም መሐል ዓይን በማይዘው ፍጥነት ጽሑፍ ብልጭ አድርጌ የፖፕኮርንና የኮካ ኮላ ሽያጭ ጨመርኩ ብሎ ዓለምን አስደነገጠ። በ1962 መረጃው እዚህ ግባ የሚባል እንዳልነበር ራሱ አመነ። ሳናየው ያለፈ ቃል አንጎል ውስጥ አሻራ እንደሚተው እውነት ነው፤ ስታኒስላስ ደሃን በፈረንሳይ ለ29 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ታይቶ በሌላ ምስል በተሸፈነ ቃል ይህን አሳይቷል። አሻራው ግን ደካማ ነው፤ ቶሎም ይጠፋል።

ንቃተ ህሊና ታዲያ ለምን ያስፈልጋል? በርናርድ ባርስ በ1988 ያቀረበውና ደሃን በኋላ ያስፋፋው ሐሳብ ለእኔ ከሁሉ ያሳምነኛል። አንድ መረጃ ጥንካሬ ሲያገኝ በአንድ የአንጎል ጥግ አይቀርም፤ ከአንድ ሰከንድ ሲሦ ገደማ በኋላ ከፊትና ከጎን ያሉትን ራቅ ያሉ ክፍሎች ሁሉ በአንድነት ያነቃል፤ ያኔ ልንናገረው፣ ልናስታውሰው፣ ልናስብበት እንችላለን። ዋናው ጥቅሙ መያዝ ነው። ያልታወቀው ሥራ ፈጣን ነው፣ ግን አላፊ ነው። አዲስ ነገርን ይዞ ማቆየት፣ ያልለመዱትን ትእዛዝ ደረጃ በደረጃ መፈጸም፣ ይህ ንቁነትን ይጠይቃል። ደግሞም ጠባብ ነው፤ በአንዴ ብዙ አይይዝም። በ2001 በዩታ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ መንዳትን የሚያስመስል ሙከራ በስልክ የሚያወሩ ሰዎች የትራፊክ ምልክት የሳቱት እጥፍ ጊዜ ነው፤ ስልኩን በእጅ መያዝና አለመያዝ ለውጥ አላመጣም። የተያዘው እጃቸው ሳይሆን ልባቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ለምን ከውስጥ የሚሰማ ነገር እንዳለው አይነግረንም። ቡና ሲሸት ሴሎች ምልክት ይላላካሉ፤ ያ ለምን ቡና ቡና ይሸተናል? ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ በ1995 ከባዱ ጥያቄ ብሎ የሰየመው ይህ ነው፤ እስከ ዛሬ ሁሉን ያስማማ መልስ አልተገኘለትም።

ከባዱ ጥያቄ ባይፈታም እስካሁን የታወቀው ሆስፒታል አልጋ ዳር ያገለግላል። በመኪና አደጋ አንጎሏ የተጎዳ የ23 ዓመት ሴት ነበረች። ዓይኗ ይገለጣል፣ ምላሽ ግን የለም፤ ሐኪሞች ምንም አታውቅም ብለው ነበር። በ2006 በካምብሪጅ የኤድሪያን ኦወን ቡድን ኤምአርአይ ውስጥ አስገብቶ ሊፈትናት ፈለገ። ስሟን ጠርቶ አንጎሏ ሲነቃ ቢያይ ማስረጃ አይሆንም፤ የተኛ ሰው አንጎልም ለስሙ ምላሽ ይሰጣል። ስለዚህ ያላወቀ አእምሮ የማይችለውን ጠየቃት። ቴኒስ ስትጫወቺ አስቢ፤ ቀጥሎ በቤትሽ ክፍሎች ስትዘዋወሪ አስቢ፤ እያንዳንዱን ለ30 ሰከንድ። አንጎሏ እንደተባለው አደረገ፣ ከጤነኞቹ በማይለይ ሁኔታ። በ2010 ደግሞ እንዲህ ያለ አንድ ሕመምተኛ ቴኒሱን ለ«አዎ»፣ ቤቱን ለ«አይደለም» አድርጎ ጥያቄ መለሰ።

በ2024 የታተመ በበርካታ አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ ትእዛዝ ሲሰጣቸው ምንም የማይታይባቸውን 241 ሕመምተኞች መረመረ። ከእነሱ 60ዎቹ፣ ከአራት አንዱ ማለት ነው፣ በአንጎላቸው ትእዛዝ ሲፈጽሙ ተገኙ። ሦስቱ አራተኛ ምንም አላሳዩም፤ ምላሽ ማሳየትም መዳን አይደለም። ተስፋን ከልኩ በላይ ማስፋት ለቤተሰብ ሌላ ጉዳት ነው። ነገር ግን ከውጭ በማየት ብቻ የትኛው አልጋ ላይ የሚሰማ ሰው እንደተኛ ማንም አይለይም፤ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን ደግሞ እንዲህ ያለው ምርመራ በቀላሉ አይገኝም።

ስለዚህ አስታማሚዎች ሆይ፣ ራሱን ስቶ በተኛ ሰው ራስጌ ስለ ውርስ፣ ስለ ቀብር፣ «ከእንግዲህ ምን ይሆናል» ስለሚባለው ነገር አታውሩ፤ ወጥታችሁ ተነጋገሩ። ገብታችሁ በስሙ ጥሩት፤ ማን እንደሆናችሁ፣ ቀኑ ምን እንደሆነ፣ ልጆቹ እንዴት እንደዋሉ ንገሩት። ነርሶችና ሐኪሞችም መርፌ ከመውጋታችሁ፣ ከጎን ወደ ጎን ከማገላበጣችሁ በፊት ምን ልታደርጉ እንደሆነ ለራሱ ንገሩት።