ጭራዋን የጣለች ፒክአፕ

ማታ ከከተማ ወጥቶ የነዳ ሰው ያውቃታል። ከፊት ለፊት የምትመጣው ፒክአፕ መብራቷን ዓይን ላይ ትለቃለች፤ «ረጅሙን አጥፋ» ለማለት ቢያርገበግቡላትም ለውጥ የለም። ሹፌሩን መራገም ቀላል ነው፤ እሱ ግን ያበራው አጭሩን ነው። ጥፋቱ ከኋላ ያለው 12 ኩንታል ነው። ጭራዋን ሲያወርደው አፍንጫዋ ሽቅብ አየ።

የጋራዡ መድኃኒት የታወቀ ነው፦ ባሌስትራ ማስጨመር። ቃሉን የወሰድነው ከጣሊያንኛ ሲሆን እዚያ ባሌስትራ ማለት የቀስት መወርወሪያም ነው። ጎንበስ ብሎ ከጎማው ኋላ ላየ ሰው ስያሜው ያስኬዳል። ረጅሙ ብረት ከላይ፣ እያጠሩ የሚሄዱት ከሥሩ ተደራርበው እንደ ደጋን ተወጥረዋል፤ መሃላቸው አክስሉ ላይ ታስሮ የረጅሙ ሁለት ጫፎች ሻንሲውን ይሸከማሉ።

ባሌስትራ ሞላ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1678 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው፣ ሞላ የሚተኛው በተጫነበት ልክ ነው። 4 ኩንታል 4 ሳንቲ ሜትር ካወረደው፣ 8 ኩንታል 8 ሳንቲ ያወርደዋል። ውፍረታቸው እኩል የሆኑ አምስት ብረቶች ባሉበት ስድስተኛ ሲጨመር ጥንካሬው በአምስት አንድ እጅ ያድጋል። ውፍረት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ባለ 7 ሚሊ ሜትሩን አውጥቶ ባለ 8 ሚሊ ሜትር መተካት ብረቱን በግማሽ ያህል ያጠነክረዋል፤ ጥንካሬው የሚያድገው ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነውና። ከአሮጌ ዕቃ መሃል «ወፈር ያለ አገኘሁልህ» የሚል መካኒክ የሰጠው ነገር ከሚያስበው በላይ ነው።

የጠንካራ ባሌስትራ ዕዳው የሚታየው ባዶ ሲነዱ ነው። ኮሮኮንች ላይ የኋላ ጎማ ይዘላል፣ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም አይዝ መንገድም አይጨብጥ። ባሌስትራው የዋጠውን ጉልበት መልሶ ሲተፋ የሚያረጋጋው ሾክ አብዞርበር ነው፤ ለለስላሳው የተሠራው አሮጌ ሾክ ይህን አይችለውም። አብሮ ካልተቀየረ ሥራው ግማሽ ነው።

የተኛውን ባሌስትራ በእሳት አግሎ መልሶ ማጉበጥ ግን ከሁሉም የከፋ ይመስለኛል። ይህን ብረት ማረሻና ቢላ የሚሠሩ አንጥረኞች የሚፈልጉት በከንቱ አይደለም፤ በውስጡ ባለው ካርቦንና ባለፈበት የእሳትና የዘይት ሥራ ነው የጠነከረው። በችቦ ያጋሉት ቦታ ያንን ጥንካሬ ያጣል፣ ጭነት ሲያገኘው እንደገና ይተኛል።

ሌላው ዘዴ ከሻንሲው ሥር የአየር ከረጢት መግጠም ነው። ሲጭኑ ይነፋል፣ ሲያራግፉ ይተነፍሳል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ባሌስትራ ሻንሲውን የሚሸከመው ከ1 ሜትር በላይ በተራራቁ ሁለት ጫፎች ሲሆን ከረጢቱ ወደ ላይ የሚገፋው አክስሉ አናት ላይ፣ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከአክስሉ ወዲያ የተንጠለጠለው ጭነት ወደ ታች ሲጎትት፣ ሻንሲው በጉልበት ላይ እንደሚሰበር ጭራሮ ይሆናል። አውስትራሊያ ውስጥ ካራቫን እየጎተቱ በረሃ የሚያቋርጡ ፒክአፖች ከጋቢናው ጀርባ ሻንሲያቸው ጎብጦ የተገኙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ጭነቱ የት እንደተቀመጠ ማየት ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም። በሃይሉክስ የፊትና የኋላ አክስል መካከል 3 ሜትር ያህል አለ። 3 ኩንታል ከኋላው አክስል 1 ሜትር ወዲያ ቢቀመጥ፣ የኋላው አክስል የሚሸከመው 4 ኩንታል ነው፤ ትርፏ አንዷ ከፊት ጎማ ላይ የተነሳች ናት። ለመሪ የሚታዘዘው ያ ጎማ ነው። ጆንያዎቹን ወደ ጋቢናው ማስጠጋት አንድ ባሌስትራ ከማስጨመር የሚሻልበት ቀን አለ።

መኪናዋ ግን ስንት ትችላለች? ደብል ጋቢና ፒክአፕ በአብዛኛው 1 ቶን አካባቢ ነው፤ ሰውም በዚያ ውስጥ ይቆጠራል። 70 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች ከገቡ ለዕቃው 6 ኩንታል ተኩል ይቀራል። ባሌስትራ ሲጨመር ጭራዋ ቀና ይላል እንጂ አክስሉ፣ ጎማውና ፍሬኑ የነበሩት ናቸው። የወረደው ጭራ «በዛብኝ» የምትልበት አፏ ነበር።

ይህን አፍ ሹፌሩ ብቻ አይደለም የሚሰማው። በብዙ የሃይሉክስ ሞዴሎች ላይ ሻንሲው ላይ የታሰረ፣ ከአክስሉ ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። መኪናዋ ዝቅ ስትል «ተጭናለች» ብሎ ለኋላ ጎማ ብዙ ግፊት ይለቃል፤ ከፍ ስትል «ባዶ ናት» ብሎ ይቀንሳል፣ ቀላል ጎማ ቶሎ ተቆልፎ እንዳያንሸራትታት። አሁን ባሌስትራ አስጨምረን 10 ኩንታል ጭነን፣ ጭራዋ እንደ ባዶ ቀና ብሎ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ጀመርን እንበል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ቫልቩ ባዶ መኪና ነው የሚያየው። የኋላው ፍሬን ተቆጥቦ ይሰጠዋል፣ አብዛኛውን ጭነት የሚይዘው የፊቱ ፍሬን ነው፣ እሱም ይግላል። ዘንጉን ለአዲሱ ከፍታ ማስተካከል ረጅም ሥራ አይደለም፤ ከጋራዡ ከመውጣት በፊት መካኒኩን «የፍሬኑን ዘንግስ አስተካከልከው?» ማለት ይበቃል።