አፎሻ የማይደርስበት ጉዳይ

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ ደቻቱ ሞልቶ ድሬ ዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ነፍስ ጠፍቷል። አላህ ይዘንላቸው። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ድሬዎች መጀመሪያ የሚጣሩት ጎረቤትንና አፎሻን ነው። አፎሻ ለከፈኑም፣ ለቀብሩም፣ ለሐዘንተኛው ቤትም ይደርሳል። የአባቱን ቤት አጎቱ ለነጠቀው የቲም፣ ወይም ባሏ ደብድቦ ላባረራት እህት ግን ጠበቃ አይቀጥርም። ይህን ሥራ የያዙት ሌሎች ማኅበራት ነበሩ። እነዚህ ማኅበራት ታዲያ በገንዘብ እጦት እንዴት እንደተዳከሙ ማወቅ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ይጠቅማል።

እንደሚታወቀው በ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ። አዋጁ ስለ ሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብት፣ ስለ ጾታና ስለ ሃይማኖት እኩልነት፣ ስለ ሕፃናትና አካል ጉዳተኞች መብት፣ ስለ እርቅም ጭምር መሥራትን “የኢትዮጵያ” ተብለው ለተመዘገቡት ብቻ ፈቀደ። እነዚህ ደግሞ ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ተደረገ። ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት የውጭ ገንዘብ እንደ ልቡ ይቀበላል፤ የውኃው ክፍፍል ፍትሐዊ ይሁን ብሎ የሚሟገተው ግን አይችልም ማለት ነው።

“ውጭ” የተባለውም የፈረንጅ መንግሥት ብቻ አልነበረም። በውጭ አገር ያለ ማንኛውም ሰው ይጨመርበታል። ጅቡቲ ወይም ጅዳ የሚሠራ የድሬ ልጅ ለእንዲህ ዓይነቱ ማኅበር የሚልከው ገንዘብ ከዚያችው 10 በመቶ ይቆጠር ነበር! ስሙን ያልገለጸ ሰው የሚሰጠውን ገንዘብ መቀበልም ተከለከለ። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራው እንዳያውቅ እየተባለ ላደገ ሙስሊም ይህ እንግዳ ነገር ነው። ደግነቱ የሃይማኖት ተቋማት፣ ዕድር፣ ዕቁብና መሰል ባህላዊ ማኅበራት ከአዋጁ ውጭ ስለነበሩ የመስጂድ ሣጥንና አፎሻ አልተነኩም።

ውጤቱ ምን ሆነ? የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ከ12 ቢሮዎቹ 9ኙን ዘጋ። በሺዎች ለሚቆጠሩ ሴቶች ነፃ የሕግ እርዳታ ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ። የሁለቱም የባንክ ሒሳብ ታገደ። በ1997ቱ ምርጫ የአገር ውስጥ ማኅበራት ምርጫውን እንታዘብ ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ረትተው ነበር። ከአዋጁ በኋላ በተደረገው የ2002ቱ ምርጫ ግን ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ሲይዙ፣ የሚታዘበውም የሚጠይቀውም ሳስቶ ነበር። ለዚህ አዋጁ ብቻውን ምክንያት ነው ባንልም እጁ አለበት።

መንግሥት በበኩሉ የአገር ፖለቲካ በባዕድ ገንዘብ መመራት የለበትም ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር ነገሩ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ገንዘብ የሚሰጥ አቅጣጫም ይሰጣልና። ይሁን እንጂ የአገሬው ሰው መስጠት ሳይለምድ የውጭውን በር መዝጋት ሕፃንን ምግብ ሳያለማምዱ ጡት እንደ መንጠቅ ነው።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 የ10 በመቶውን ገደብ አነሣ። ሆኖም ስጋቱ አላበቃም። በ2017 ዓ.ም. ኢሰመጉን ጨምሮ በርካታ የመብት ድርጅቶች ታግደው ነበር፤ እግዱ ኋላ ተነሥቷል። በዚያው ዓመት ጥር ወር ደግሞ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን በድንገት አቋረጠች። ቀድሞ በሕግ የተዘጋው የገንዘብ በር አሁን በሰጪው እጅ ተዘጋ።

ውድ አንባቢያን! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነታቸው በፊት፣ ገና በወጣትነታቸው፣ በአብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት በተደረገው ሒልፍ አል ፉዱል በተባለው ቃል ኪዳን ተካፍለዋል። ለቃል ኪዳኑ መነሻ የሆነው ከየመን የመጣ አንድ ነጋዴ ነው። ከቁረይሽ ታላላቆች አንዱ የሆነው አል ዓስ ኢብን ዋኢል ዕቃውን ወስዶ ዋጋውን ከለከለው። የመካ ሰዎች ተሰብስበው ከተበዳይ ጎን ሊቆሙ ተማማሉ፤ የነጋዴውንም ገንዘብ አስመለሱ። ነቢዩም ከእስልምና በኋላ ለእንዲህ ያለ ስምምነት ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። የማንም ጎሳ ያልሆነ እንግዳ መብቱን ያገኘው በከተማው ሰዎች ማኅበር ነበር።

እኛ ለመስጂድ ምንጣፍና ለረመዳን ማፍጠሪያ ከመስጠት ቦዝነን አናውቅም፤ አልሐምዱሊላህ። ለተበዳይ ጠበቃ ገንዘብ ማዋጣት ግን ከሰደቃ የሚቆጠር አይመስለንም። ከዘካ ይሆናል አይሆንም የሚለውን ለዑለማዎቻችን እንተወው። ሰደቃ ግን ሰፊ ነው። በሽምግልና አልፈታ ያለ የአንድ የቲም የውርስ ጉዳይ ቢኖር፣ ጠበቃ ለመያዝ ከእያንዳንዱ አባል በወር ስንት ብር እንደሚበቃ የአፎሻው ጸሐፊ በአንድ ከሰዓት ሊያሰላው ይችላል።