በብስክሌት ወደ ሥራ ሲሄዱ

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በብስክሌት 15 ደቂቃ ሄዶ 15 ደቂቃ የሚመለስ ሠራተኛ በ5 ቀናት ይህን ያሟላል። ጥቅሙ የሚገኘው ግን በሰላም ሲደርሱ ነው።

መንገዱን አስቀድመው እሁድ ማለዳ ይሞክሩት። አጭሩን ሳይሆን የብስክሌት መስመር ያለውን ወይም መኪና የማይበዛበትን ይምረጡ። የአዲስ አበባ ከፍታና ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ከቦሌ ወደ ፒያሳ የሚወጣ ጀማሪ ወርዶ ቢገፋ ነውር የለውም። ሲመለሱ ቁልቁለት ስለሚጠብቅዎ የሁለቱንም ጎማ ፍሬን ከቤት ሳይወጡ ይፈትሹ። የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ካለብዎ ሳይጀምሩ ሐኪም ያማክሩ።

ወደ ቀኝ በሚታጠፍ አውቶቡስ ወይም የጭነት መኪና ቀኝ ጎን አይግቡ፤ ሾፌሩ ላያይዎ ይችላል። በቆመ ታክሲና በእግረኛ መንገድ መካከልም አይሹለኩ፤ ተሳፋሪ ድንገት ይወርዳል። በክረምት ውኃ ያቆረውን ቦታ ይሽሹ፤ ከሥሩ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ሊኖር ይችላል።

ሄልሜትዎ ግንባርዎን ይሸፍን፤ ማሰሪያውም ይቆለፍ። ወድቀው ጭንቅላትዎ ከተመታ በኋላ ማስታወክ፣ መፍዘዝ ወይም የሚብስ ራስ ምታት ከመጣ፣ ቁስል ባይታይም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።