የጀጎል መተላለፊያና የሮኬት ቆብ
ትልቅ ጭነት ወደ ጠፈር ለማድረስ ጉልበት ብቻውን ለምን አይበቃም?

ከሐረር በር ተነስተን በዋናው ጎዳና ወደ ፈረስ መጋላ እንጓዝ። መኪና እስከዚያ ድረስ ይዘልቃል። ከዚያ ወዲያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚታጠፉት የጀጎል መተላለፊያዎች ግን አብዛኞቹ ሰውና አህያ እንጂ ተሽከርካሪ አያሳልፉም። አንድ ቤተሰብ በጭነት መኪና ያስመጣውን ትልቅ ቁም ሳጥን ከነዚህ መተላለፊያዎች በአንዱ በኩል ወደ ቤቱ ሊያስገባ ፈለገ እንበል። ተሸካሚዎቹ ከሁለት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ስምንት ከፍ ቢሉ የሚፈይዱት ነገር የለም። የጎደለው ስፋት እንጂ ጉልበት አይደለምና ቁም ሳጥኑ ይፈታል፤ ሳንቃ በሳንቃ ይገባል፤ ከውስጥ እንደገና ይገጣጠማል።

ሳተላይት ወደ ጠፈር የሚልክ መሐንዲስም የሚገጥመው ፈተና ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሮኬት ሁለት ገደቦች አሉት። አንደኛው ምን ያህል ክብደት ሊያነሳ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው በጫፉ ላይ ጭነቱን በሚሸፍነው ቆብ ውስጥ ምን ያህል ዕቃ ሊገባ እንደሚችል ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ይነገራል፤ ሁለተኛው ግን እምብዛም አይነሳም። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም በየተራ እንመለከታለን።

የክብደት ሒሳብ

ሩሲያዊው መምህር ኮንስታንቲን ፅዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተመው ቀመር እስከ ዛሬ የሮኬት ሁሉ ገዥ ሕግ ነው። ቀመሩ እንዲህ ይላል፦ ሮኬት የሚያገኘው የፍጥነት ጭማሪ ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝ ፍጥነት፣ በመነሻው መጠነ ቁስና በመጨረሻው መጠነ ቁስ መካከል ባለው ውድር የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ሲባዛ የሚገኘው ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ዕቃ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ በምህዋር ለመቆየት በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ያስፈልገዋል። በአየር ግጭትና በስበት ምክንያት የሚባክነው ሲታከል ሮኬቱ ማምረት ያለበት ወደ 9.4 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ይጠጋል። የነጠረ ነጭ ጋዝና ፈሳሽ ኦክሲጅን የሚያቃጥል ሞተር ጋዙን በሰከንድ 3.3 ኪሎ ሜትር ያህል ያስወጣል። 9.4 ለ3.3 ሲካፈል 2.85 ነው፤ የዚህ ሎጋሪዝም ግልባጭ ደግሞ 17 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሲነሳ 100 ቶን የሚመዝን ሮኬት ምህዋር ሲደርስ የሚቀረው 6 ቶን እንኳ አይሞላም። ጋኑም፣ ሞተሩም፣ ጭነቱም ከዚህችው ውስጥ ናቸው። አንባብያን በሰከንድ 4.4 ኪሎ ሜትር ለሚያስወጣው የሃይድሮጅን ሞተር ስሌቱን ደግመው ቢሠሩት ውድሩ ወደ 8.5 ዝቅ ሲል ያገኙታል።

ሮኬቶች በደረጃ ተከፋፍለው የሚሠሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ባዶ የሆነ ጋን ወደ ላይ መሸከም ከንቱ ድካም ስለሆነ በየመንገዱ ይጣላል። በመጨረሻው ደረጃ አካል ላይ 1 ኪ.ግ. ብረት መቀነስ ከተቻለ በምትኩ 1 ኪ.ግ. ጭነት መጨመር ይቻላል። በመጀመሪያው ደረጃ ግን ያንኑ 1 ኪ.ግ. ጭነት ለማትረፍ በርካታ ኪሎዎችን መቀነስ ግድ ይላል።

በተለመደው አከፋፈል ከ20 ቶን በላይ ወደ ዝቅተኛ ምህዋር የሚያደርስ ሮኬት ከባድ፣ ከ50 ቶን በላይ የሚያደርስ ደግሞ እጅግ ከባድ ጭነት አንሺ ይባላል። ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰው ሳተርን 5 ከሁለተኛው ወገን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በመጨረሻው በረራው 77 ቶን ገደማ የሚመዝነውን የስካይላብ ጣቢያ በአንድ ጉዞ ወደ ምህዋር አውጥቷል።

የስፋት ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ፋልከን ሄቪ የተባለው ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ሞተሮቹ 27 ናቸው። ምንም ክፍሉን ለመመለስ ሳይቆጥብ ቢበር ወደ ዝቅተኛ ምህዋር 63.8 ቶን ማንሳት እንደሚችል አምራቹ ይገልጻል፤ ይህም ከታናሽ ወንድሙ ከፋልከን 9 አቅም ሦስት እጥፍ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ነገር ግን ያን ዕለት በጫፉ ላይ የነበረው ቆብ የፋልከን 9 ቆብ ነበር፤ ወርዱ 5.2 ሜትር፣ ቁመቱ 13 ሜትር ያህል። ተሸካሚው ሦስት እጥፍ ጠነከረ፤ መተላለፊያው ግን እንደ ጠበበ ቀረ።

ታዲያ ቆቡን ማስፋት ምን ያግዳል? ወርዱና ቁመቱ እኩል በእጥፍ ቢያድጉ ይዘቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ከአየር ጋር የሚጋፈጠው ገጽ ደግሞ አራት እጥፍ። አየሩ ይበልጥ ይገፋዋል፤ የጎን ነፋስም ሮኬቱን ሊያጎብጠው ይታገላል። ይህን ለመቋቋም አካሉ ይጠነክራል፤ ሲጠነክር ይከብዳል፤ የከበደውም ከጭነቱ ላይ ይቀነሳል።

ከዚህም ሌላ በምድር ላይ የሚጠብቅ በር አለ። ብዙዎቹ የቻይና ሎንግ ማርች ሮኬቶች ወርዳቸው 3.35 ሜትር የሆነው ከፋብሪካ ወደ ማስወንጨፊያው በባቡር ስለሚጓጓዙና ከዚያ የሰፋውን የባቡር መስመሩ ስለማያሳልፍ ነው። 5 ሜትር ወርድ ያለው ሎንግ ማርች 5 በተሠራ ጊዜ ጉዞው በመርከብ ሆነ፤ ማስወንጨፊያውም በሃይናን ደሴት ባሕር ዳር ተዘጋጀለት።

ሦስት መውጫዎች

የመጀመሪያው መውጫ በሩን ማስፋት ነው። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ምህዋር የደረሰው ኒው ግሌን 7 ሜትር ወርድ ያለው ቆብ አለው። የሙከራ በረራውን በ2023 የጀመረው ስታርሺፕ ደግሞ 9 ሜትር ይሰፋል።

ሁለተኛው መውጫ ዕቃውን ማጠፍ ነው። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ መስተዋት 6.5 ሜትር ይሰፋል፤ ተሸካሚው አሪያን 5 ግን በቆቡ ውስጥ ለጭነት የነበረው ወርድ 4.6 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። መሐንዲሶቹ መስተዋቱን በ18 ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች ሠርተው ጎንና ጎኑን አጠፉት፤ 21 በ14 ሜትር የሆነውንም የፀሐይ መከለያ እንደ ጨርቅ አጣጠፉት። ቴሌስኮፑ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ተነስቶ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ በሰላም ተዘረጋ። ይሁን እንጂ ማጠፍ ዋጋ አለው። አንዱ ብቻ ቢሰናከል ሥራውን ሁሉ ሊያከሽፉ የሚችሉ 344 ነጥቦች ነበሩት፤ ጠጋኝም 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ሊደርስለት አይችልም ነበር።

ሦስተኛው መውጫ ልክ እንደ ቁም ሳጥኑ በክፍል ልኮ በቦታው መገጣጠም ነው። 420 ቶን ገደማ የሚመዝነው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ40 በሚበልጡ በረራዎች ተጓጉዞ የተገጣጠመ ነው። እንዲህ ያለውን ጭነት በአንድ ጊዜ ሊያነሳ የሚችል ሮኬት አልነበረም።

እኛስ?

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በቻይና ከታይዩዋን ማስወንጨፊያ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ተነሳች። ክብደቷ 70 ኪ.ግ. ገደማ ነበር። የሮኬቱ ዋና ጭነት ከ1,700 ኪ.ግ. በላይ የሚመዝነው የቻይናና የብራዚል ሳተላይት ሲሆን፣ የእኛዋ ከሌሎች ትንንሾች ጋር በተረፈው ቦታ ተሳፈረች። ኢ.ቲ-ስማርት-አር.ኤስ.ኤስ የተባለችው ሁለተኛዋ፣ 9 ኪ.ግ. እንኳ የማትሞላው፣ በታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. በሎንግ ማርች 8 የመጀመሪያ በረራ እንዲሁ በተጓዳኝነት ሄደች።

በተጓዳኝነት መሳፈር ወጪን ይቀንሳል። ሆኖም የጉዞውን ቀንም ሆነ የምህዋሩን ከፍታና አቅጣጫ የሚወስነው ዋናው ጭነት ነው፤ ተጓዳኙ በተሰጠው ቦታና ሰዓት ይሄዳል። የራሱን መሬት፣ ማሳና ውኃ ከላይ መመልከት የሚሻ አገር ይህን ገደብ ከወዲሁ ሊያስበው ይገባል።

ይህም ሲባል ገደብ ሁሉ ዕውቀትን ይገድላል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተወጠነው የኩብ ሳተላይት ልክ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ልኩ አስቀድሞ ስለታወቀ በብዙ አገሮች ያሉ ተማሪዎች ያንኑ ይዘው ሳተላይት ሠርተው ልከዋል። በሐረርም ሆነ በሌላ ከተማ ነገ ሳተላይት ለመንደፍ የምትቀመጡ ተማሪዎቻችን ሥራችሁን ከሮኬቱ ጉልበት አትጀምሩ። አስቀድማችሁ የቆቡን ወርድ ለኩ፤ በጀጎል ውስጥ ዕቃ የሚያስገባ ሰው ከመሸከሙ በፊት መተላለፊያውን እንደሚለካ ሁሉ።