ካርታን ከጽሕፈት ቤት ወደ መማሪያ ክፍል ማሸጋገር

እብናትን በመሳሰሉ የደቡብ ጎንደር ዞን ወረዳዎች የአብዛኛው ተማሪ ቤተሰብ ኑሮ በእርሻ መሬት ላይ የተመሠረተ ነው። በአማራ ክልል በሚካሄደው የሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ማሳው በአየር ፎቶግራፍ ወይም በጂፒኤስ መሣሪያ ተለክቶ ለባለይዞታው ካርታ ያለው የማረጋገጫ ሰነድ ይሰጠዋል። ሰነዱ በወሰን ክርክር ጊዜ በማስረጃነት የሚቀርብ በመሆኑ፣ ካርታ ማንበብ የሚችል ተማሪ ለወላጆቹ ቀጥተኛ ጥቅም ይሰጣል።

ትምህርቱ ከፍተኛ ወጪ አይጠይቅም። ኪውጂአይኤስ የተሰኘው የካርታ ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ የአካባቢው መረጃ አስቀድሞ ከተጫነበት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መምህሩ ወንዞችን፣ መንገዶችንና የመሬቱን ተዳፋትነት በአንድ ካርታ ላይ አደራርቦ በማሳየት፣ ጎርፍ አፈሩን በየት በኩል እንደሚሸረሽር ከተማሪዎቹ ጋር መመርመር ይችላል። ኮምፒዩተር በሌለበትም፣ በ1፡50,000 መስፈርት በታተመ ካርታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር መሆኑን ተማሪዎች በእግር ተጉዘው ማረጋገጥ ይችላሉ።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ማምጠቋ ይታወሳል። ይሁንና ከሕዋ የሚገኝ መረጃ ፋይዳ የሚኖረው የሚያነበው ሲገኝ ነው። በመሆኑም የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤቶች የባለይዞታ ስም ያልሰፈረባቸውን የአካባቢ ካርታዎች ለትምህርት ቤቶች ቢያቀርቡ፣ ሥራውን በእጅ ባለ መረጃ መጀመር ይቻላል።