የተማሪው ፖድካስት፦ ማይክሮፎኑ ርካሽ፣ እርማቱ ውድ

አንድ የሕክምና ተማሪ ከ100 የአሜሪካ ዶላር በታች በሚሸጥ ማይክሮፎን፣ በእጁ ባለው ላፕቶፕና በነፃ በሚገኝ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም የራሱን የትምህርት ፖድካስት መጀመር ይችላል። ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ስቱዲዮ የሚያከራየው፣ የአየር ሰዓት የሚሸጥለት የለም። እንዲህ መግቢያው ርካሽ የሆነ ገበያ ግን ብዙ ገቢዎች ብቻ ሳይሆን ብዙ ወጪዎችም ይኖሩታል። ጥቂት ክፍሎች ተሠርተውላቸው የተቋረጡ ዝግጅቶች የሚበዙትም ለዚህ ነው።

ፖድካስት በኢንተርኔት በየክፍሉ የሚለቀቅ፣ አድማጩ ወደ ስልኩ አውርዶ በፈለገው ሰዓት የሚያዳምጠው የድምፅ ዝግጅት ነው። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ወጣ። በ2005 አፕል ኩባንያ አይቲዩንስ በተባለው ፕሮግራሙ ውስጥ ካካተተው በኋላ በሰፊው ተዛመተ። የሕክምና ተማሪዎች የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፍ ዓይንንና ጠረጴዛን ይጠይቃል፤ ድምፅ ግን አውቶቡስ ውስጥም ሆነ ወደ ሆስፒታል ሲራመዱ ያገለግላል።

የማምረቻው ሒሳብ

የ15 ደቂቃ ንግግር፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ሆኖ ሲቀረጽ፣ 7 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። የኢንተርኔት ጥቅል በሜጋባይት እየገዛ ለሚጠቀም የአዲስ አበባ ወይም የጎንደር ተማሪ ይህ ልዩነት የኪስ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑም ውጭ አገር የተሠራው ዝግጅት እዚህም ያገለግላል። ለአዘጋጁ ደግሞ ከመቶኛው አድማጭ በኋላ የሚመጣው መቶ አንደኛው የሚያስከትልበት ተጨማሪ ወጪ የለም ማለት ይቻላል። ፋይሉን ለሚያስቀምጥለት ድርጅት በወር የሚከፍለው ከ5 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው።

ትልቁ ወጪ ጊዜ ነው። የ15 ደቂቃ የእንግሊዝኛ ንግግር 2,000 ያህል ቃላት ይፈጃል። ለማንበብና ለመጻፍ 8 ሰዓት፣ ለመቅዳት 1 ሰዓት፣ ለማስተካከል 3 ሰዓት ቢወስድ ለአንዱ ክፍል 12 ሰዓት ይሆናል። በዓመት 20 ክፍል የሚያወጣ ተማሪ 240 ሰዓት አዋለ ማለት ነው። ይህም በቀን ስምንት ሰዓት ሲታሰብ የ30 ቀን ሥራ ነው። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የአንድን ነገር ዋጋ የሚለኩት ለእሱ ሲባል በተተወው ነገር ነውና ተማሪው የተወው የአንድ ወር ጥናት ነው።

ገቢውስ? ማስታወቂያ የሚሸጠው በአንድ ሺህ ማውረድ ሒሳብ ነው። ዋጋው 20 ዶላር፣ አድማጩም 500 ነው ብንል አንዱ ክፍል 10 ዶላር፣ ሃያው ደግሞ 200 ዶላር ያስገኛል። በወር 10 ዶላር የማስቀመጫ ኪራይ ሲቀነስ 80 ዶላር ይቀራል፤ ለ240 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 33 ሳንቲም ነው። የመድኃኒት ኩባንያ ስፖንሰርነት ሒሳቡን ሊያሻሽለው ይችል ይሆናል። ሆኖም ስለ ኩባንያው መድኃኒት የሚያስተምር ሰው ከኩባንያው ገንዘብ ሲቀበል አድማጩ የሚጠራጠረው ትምህርቱን ነው። ስለዚህ የተማሪው እውነተኛ ገቢ ሁለት ነው፤ ራሱ በማስተማር የሚያገኘው ዕውቀትና ለወደፊት ሥራው የሚያተርፈው ስም።

ውዱ ሸቀጥ

ስም ግን በስህተት ይጠፋል። በሌላ ሙያ የተሳሳተ ፖድካስት ቢበዛ አድማጭን ያሰለቻል። እዚህ ግን በአሥር እጥፍ የተሳሳተ የመድኃኒት መጠን ከጆሮ ወደ ማስታወሻ፣ ከማስታወሻም ወደ ሕመምተኛ ሊደርስ ይችላል። የወረደ ፋይል ደግሞ እንደ ጋዜጣ ሁሉ አይሰበሰብም።

ትክክል የነበረውም ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተቀዳ ትምህርት የደም ግፊት በሽታ የሚጀምረው ከ140/90 ነው ቢል በአሜሪካ ትክክል ነበር። በኅዳር 2017 የአገሪቱ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት ወሰኑን ወደ 130/80 ዝቅ አደረጉት። ዝግጅቱ ግን ማንም ካላነሳው ዛሬም የድሮውን ያስተምራል። የሕክምና መረጃ እንደ መድኃኒቱ ሁሉ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አለው፤ ልዩነቱ ቀኑ ማሸጊያው ላይ አለመጻፉ ነው።

ሦስተኛው አደጋ የሕመምተኛ ምስጢር ነው። ተማሪ ዎርድ ውስጥ ያየውን ሲተርክ ስም አለመጥራት ብቻ አይበቃም። በአሜሪካ ሂፓ በተባለው የ1996 ሕግ ሥር የወጣው ደንብ ማንነትን የሚገልጹ 18 ዓይነት መረጃዎችን ዘርዝሯል። ሆስፒታል የተገባበት ቀንና ከ89 ዓመት በላይ የሆነ ዕድሜ ሳይቀሩ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ሦስቱንም የሚከላከለው አንድ ነገር ነው፤ ከመለቀቁ በፊት ጽሑፉን የሚያርም፣ ከተለቀቀም በኋላ የሚከታተል ልምድ ያለው ሐኪም። በዚህ ገበያ የጠፋውና የተወደደው ሸቀጥም የእሱ ሰዓት ነው።

የካናዳዎቹ መላ

ለዚህ ችግር ጥሩ መልስ ካገኙት አንዱ በካናዳ ኤድመንተን ከተማ፣ በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፔድስኬስስ ነው። የሕፃናት ሕክምናን በነፃ የሚያስተምር ሲሆን መሥራቾቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ዘ ክሊኒካል ቲቸር በተባለው መጽሔት ላይ ሲያስተዋውቁት በተማሪዎች የሚመራ ብለውታል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና መምህሩ ጆናታን ዋይት የጀመሩት ሰርጀሪ 101 የተባለ ፖድካስትም አለ። በመምህር ከሚመራው ከዚህኛው ይልቅ ለተማሪ የሚቀርበው ምሳሌ የፊተኛው ነው።

የፔድስኬስስ አሠራር ቀላል ነው። ተማሪው ርዕስ ይመርጣል፣ ይጽፋል፣ ያነባል። በዘርፉ የሠለጠነ ሐኪም ያርማል። በእያንዳንዱ ክፍል መግቢያ ላይ የጸሐፊው ተማሪም ሆነ የአራሚው ሐኪም ስም ይነገራል። ስሙ የተጠራ ሐኪም በጥንቃቄ ያርማል፤ ተማሪውም ከታወቀ ባለሙያ ጋር የሠራውን ሥራ ይዞ ይወጣል። ገንዘብ ሳይከፈል ሁለቱም ወገን ተከፍሎታል።

ሌላው ጥቅም የሚታየው ተማሪው ሲመረቅ ነው። በአንድ ሰው ድምፅ የቆመ ፖድካስት ባለቤቱ የማታ ተረኛ ሐኪም በሆነ ማግሥት ይቆማል። ፔድስኬስስ ግን ከተለያዩ የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች አዳዲስ ጸሐፊዎችን ስለሚቀበል የአንዱ መመረቅ ዝግጅቱን አይዘጋውም። የንግግሩ ጽሑፍም ስለሚቀመጥ ተተኪው ያረጀውን ለይቶ ማደስ አይቸግረውም።

እንግዲህ ማይክሮፎን ሊገዛ የተነሳ ተማሪ አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ማን ያርምልኛል? ስመረቅስ ማን ይረከበኛል? ሁለቱም መልስ ካላቸው በወር አንድ ክፍል ብቻ ቢወጣም ያዋጣል። መልስ ከሌላቸው ግን ሃያ ክፍል መልቀቅ ማንም የማይጠብቀውን መድኃኒት ቤት ከፍቶ እንደ መሄድ ነው።